ቱርቦው ግሩም ነው፤ ጉዱ ያለው ትንሿ ፌስታል ውስጥ ነው

ለመኪናዬ ያዘዝኩት የቱርቦ ኪት ሳጥን የመጣ ዕለት ለሁለት ነው ያነሳነው፤ እኔ በአንድ ጫፍ፣ አባዬ በሌላው። ክዳኑ ላይ በትልቁ «ሙሉ ኪት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም» ተብሎ ተጽፏል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ሳቅ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ከባድ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ጨምቆ ሞተር ውስጥ የሚያስገባው ዕቃ፣ ለእሱ ብርቅ አይደለም። «እናያለና» አለኝ፣ «እንዲህ የሚፎክር ሳጥን አላምንም።»

መመሪያው ሁለት ቀን ይበቃል ይላል። እኛ ስድስት ቅዳሜና ስድስት እሁድ ፈጀብን። ኪቱን የሸጠልኝን ድርጅት ስሙን አልጠራም። ዕቃውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ ባለ 1.8 ሊትሯ። ከፋብሪካ ስትወጣ 128 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። ኩርባ ላይ የሚያክላት የለም። ዳገት ላይ ግን ታቃስታለች። ሞተሯ የኮምፕሬሽን ልኩ፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት መጠን፣ 9 ለ 1 ብቻ ስለሆነ ለቱርቦ አያስቸግርም። ደግሞም ማዝዳ ራሱ የዚህን ሞተር ወንድም ከቱርቦ ጋር ፋሚሊያ የሚባለው መኪናው ላይ ገጥሞ ሸጦታል። ስለዚህ ለዚህ ሞተር ቱርቦ ባዕድ አይደለም።

አባዬ ሞተሩን ሳይለካ ቁልፍ አላስነካኝም። «የታመመ ሰው ላይ ሸክም አይጫንም» ብሎ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካኝ። 12.4፣ 12.2፣ 12.4፣ 12.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ተቀራራቢ ናቸው። አንዱ ወርዶ ቢገኝ ኖሮ ሳጥኑ እንደታሸገ ይቀመጥ ነበር። እናንተም ብትሆኑ ይቺን አትዝለሏት፤ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም።

ከጥሩው ልጀምር። ትልልቆቹ ዕቃዎች ጥሩ ናቸው። ቱርቦው ጋሬት ጂቲ2560አር ነው፤ በኩሽኔታ የሚሽከረከር፣ ዘይትም ውሃም የሚያልፍበት። ምላጩን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ያለ ምንም ድምፅ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። የሞተሩን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ማኒፎልድ ወፍራም የብረት ቀልጥ ነው። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሜ ከኋላ ባትሪ አበራሁ፤ ብርሃን አላሾለከም። ብየዳ የበዛባቸው ቀጫጭን ማኒፎልዶች ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ግለት ሲደጋገምባቸው ግን ይሰነጠቃሉ። ይሄኛው አያምርም። ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም አላሳፈረኝም። 25 ዲግሪ የሆነ አየር በግማሽ ባር ሲጨመቅ ከቱርቦው 75 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያ ትኩስ አየር እንዳለ ሞተር ውስጥ ከገባ ጣጣ ያመጣል፤ እመለስበታለሁ። አሁን በደንብ ረግጫትም ቢሆን ሰንሰሩ የሚያሳየኝ ከውጭው አየር በ12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ቧንቧዎቹ ልካቸው ልክ ነው። «ምንም ሳይቆረጥ ይገባል» የሚለው ግን ውሸት ነው። ከፊት መከላከያው ሥር ያለውን ፕላስቲክ በመጋዝ አሳጥሬዋለሁ።

አሁን ወደ ፌስታሏ።

ብሎኑ፣ ዳዶው፣ የቱቦ መጋጠሚያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ላስቲኩ፣ ሁሉም አንዲት ፌስታል ውስጥ ተዘርግፎ ነው የመጣው። የትኛው የየት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም። ያየሁት መከራ በሙሉ የወጣው ከዚህች ፌስታል ነው።

አባዬ ውስጧ ሲበረብር የዘይት መግቢያውን መጋጠሚያ አገኘ። ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «ይሄ ተደፍኗል። መሰርሰሪያ አምጪልኝ።» ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። ልቤ ዝቅ አለ። «አባዬ፣ አልተደፈነም! ሆን ተብሎ ነው!» እሱ የሚያውቃቸው የከባድ መኪና ቱርቦዎች ዘንጋቸው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው፤ ብዙ ዘይት ይፈልጋሉ። ባለ ኩሽኔታው ግን ጥቂት ነው የሚበቃው። ከበዛበት በማኅተሙ በኩል አሾልኮ ያጨሳል። ይህንን ሁሉ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ መጋጠሚያዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠና «እና ይሄን ወረቀት ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል?» አለ። ምንም አይከብድም። አልጻፉም። ስንት ሰው ሰርስሮት ይሆን?

ቀጥሎ ዘይቱን ከሞተሩ መቅዳት ነው። የሚቀዳው የዘይት ግፊት ሰንሰሩ ከታሰረበት ቦታ ነው፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ኢንቴክ ማኒፎልድ ሥር፣ ፊልትሮው አጠገብ። እጅ የማይገባበት፣ ገብቶም የማይወጣበት ቦታ። ከፌስታሏ የወጣውን መጋጠሚያ አስገባሁ። ሁለት ዙር በጣቴ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ጠበቀ። ቁልፍ ላነሳ ስል አባዬ «ተይ!» አለኝ። «ጥርሱን ቁጠሪው።» ቆጠርነው። የማዝዳው ቀዳዳ የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ በኢንች 28። የኪቱ መጋጠሚያ የአሜሪካ ጥርስ ነው፤ በኢንች 27። ልዩነቱ አንዲት ጥርስ ናት። በቁልፍ ብታስገድዱት ይገባል፤ ገብቶም የሞተሩን ብረት ይልጠዋል። ልኩን የጠበቀ ሌላ መጋጠሚያ እስኪመጣልን አንድ ሳምንት ቆመን። ይህ ኪት «ለኤምኤክስ-5 የተዘጋጀ» ነው መባሉን አስታውሳችሁ ልለፍ።

የዘይቱ መመለሻ ደግሞ የባሰ ነበር። ወደ ቱርቦው የሚገባው ዘይት በግፊት ነው የሚሄደው። ሲወጣ ግን ምንም የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ነው ወደ ዘይት ቋቱ የሚወርደው። ስለዚህ ቱቦው ሰፊ፣ አጭርና ወደታች ያዘነበለ መሆን አለበት። መግቢያውም ቋቱ ውስጥ ካለው ዘይት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቋቱን አውርዶ መብሳት ነበር የሚሻለው። እዚህ መኪና ላይ ግን ቋቱን ለማውረድ ሞተሩን ማንሳት ያስፈልጋል። እኛ እዚያው እንዳለ በሳነው። መሰርሰሪያውን ግራሶ ቀባን፤ ፍቅፋቂው ግራሶው ላይ እንዲጣበቅ። ትንሽ ሰርስሮ ማውጣት፣ መጥረግ፣ እንደገና መቀባት። ጥርሱን ስናወጣለትም እንደዚያው። ስንጨርስ ርካሽ ዘይት በላይ እየጨመርን በታች አፈሰስን፤ የሚወርደው ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ንጹህ እስኪሆን ድረስ። መመሪያው ለዚህ ሁሉ የሰጠው አንድ መስመር ነው፦ «ቋቱን ይብሱ»።

የነዳጁና የኮምፒውተሩ ነገር ሌላ ምዕራፍ ነው። ኪቱ ነዳጁን የሚረጩ 470 ሲሲ ኢንጀክተሮችና ጠንከር ያለ የነዳጅ ፓምፕ አለው። እነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የፋብሪካው ኮምፒውተር ግን ስለ ቱርቦ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ሜጋስኩዊርት የሚባል፣ ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው የሞተር ኮምፒውተር ገጠምኩ፤ ይህን ለብቻዬ ነው የገዛሁት። ጭስ ማውጫው ላይ ደግሞ የቦሽ ሰፊ መለኪያ ያለው የኦክስጅን ሰንሰር አስገባሁ። ያለዚህ ሰንሰር ማስተካከል ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። በዝግታ ሲነዳ የአየርና የነዳጁ ልክ 14.7 ለ 1 አካባቢ ይሆናል። ቱርቦው ሲገፋ ግን ወደ 11.5 አወርደዋለሁ። ነዳጁ በዝቶ ያቀዘቅዘዋል።

አባዬ እዚህ ላይ ግራ ተጋባ። «እኛ ናፍጣ ላይ አየሩን የቻልነውን ያህል ነው የምንጭነው። እናንተ ምን ያስፈራችኋል?» ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚገባው ባዶ አየር ነው። ነዳጁ የሚረጨው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ያኔ በአየሩ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል። ቤንዚን ግን ከአየሩ ጋር ተደባልቆ አብሮ ነው የሚጨመቀው። ሙቀትና ግፊት ከበዛበት ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ራሱ ይፈነዳል። ኖክ የሚሉት እሱ ነው። ፒስተን የሚበሳው እሱ ነው። አባዬ ትንሽ አሰበና «ታዲያ የእኛ እንጀራ የእናንተ በሽታ ነዋ» አለ። ከዚያ ወዲህ ማስተካከያውን ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በጆሮው ነው የሚጠብቅልኝ።

አዲስ ችግርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል ባለ ቱርቦ መኪና ሸጦ ነበር። የሞተሩ ኮምፕሬሽን 10.25 ለ 1 ስለነበር ኖክን ለመከላከል ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭበታል። ፈሳሹ ሲያልቅ ባለቤቱ መሙላት አለበት። ብዙው ሰው ይረሳዋል፤ ያኔ ጉልበቱ ይቀነሳል። ባለቤቱም ይናደዳል። እኔ ያንን ሁሉ የማመልጠው ግፊቱን ግማሽ ባር ላይ አቁሜ፣ ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ ዘግየት አድርጌ ነው። ካንዴላውንም ቀየርኩ፤ ኤንጂኬ ባለ 6 የነበረውን ባለ 7 አደረግኩት። ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ክፍተቱንም ከ1.1 ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት፤ ሰፊ ከሆነ ግፊቱ ብልጭታውን ያጠፋዋል። ካንዴላ በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። «ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም»፤ እሺ።

የመጀመሪያው ማስነሻ ዕለት የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ነቅለን ሞተሪኖውን ብቻ አዞርን። ዘይቱ ቱርቦው ድረስ ሳይደርስ መነሳት የለባትማ። መመለሻ ቱቦው ላይ ዘይት ስናይ ሶኬቶቹን መለስናቸው። ሁለተኛው ላይ ተነሳች። አባዬ አጨበጨበ። እኔ ትንሽ አለቀስኩ፤ ይሄን አትንገሩብኝ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጭስ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጎረቤት የሚያስወጣ ጭስ። «ቱርቦው ሞተ» ብዬ ቁጭ አልኩ። አባዬ መኪናው ሥር ገብቶ ሳይነጋገር ቆየና «ነይ እዪ» አለኝ። የመመለሻው ቱቦ ረዝሞ መሃል ላይ ሆድ አውጥቷል። ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ተኝቷል። መውጫ ያጣው ዘይት ደግሞ በቱርቦው ማኅተም በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ቱቦውን አንድ መዳፍ ያህል ቆርጠን ቀጥ አድርገን አሰርነው። በማግስቱ ጭስ የለም። ቱርቦው ምንም አልሆነም። ስንት ሰው ደህና ቱርቦ ነቅሎ «ብልሹ ነው» ብሎ መልሶ ይሆን? ችግሩ ቱቦው ሆኖ ሳለ።

አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳት ከኮፈኑ ሥር «ጭ ጭ ጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ቱርቦውን ከማኒፎልዱ ጋር የሚያስሩት አራት ስታዶች፣ ማለትም ራስ የሌላቸው ብሎኖች፣ ናቸው። ሁለቱ ላልተዋል። አንዱ ዳዶ የለም፤ የት እንደወደቀ እግዜር ይወቀው። ይህ በኤምኤክስ-5 ቱርቦ ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ስታዱ ሲግል ይለጠጣል፤ ሲበርድ ወደ ልኩ አይመለስም። ከዚያ ዳዶው በንዝረቱ ራሱን ይፈታል። የታወቀ ከሆነ ለምን ተራ ብረት ላኩልኝ? ጻፍኩላቸው። «በየሳምንቱ ያጥብቁት» ብለው መለሱ። ካየሁት የደንበኛ አገልግሎት ሁሉ ይሄ አንደኛ ነው። እኔ የኢንኮኔል ስታድና የሚቆለፍ ዳዶ ገዛሁ። ኢንኮኔል ኒኬል የበዛበት ቅይጥ ነው፤ በግለት ጊዜ ጉልበቱን አይጥልም።

የመጨረሻዋ ደግሞ እንደ እርሳስ የቀጠነች ላስቲክ ናት። ዌስትጌቱ ግፊቱ ሲሞላ በር ከፍቶ ጭሱን በቱርቦው ጎን ያሳልፋል። መሙላቱን የሚያውቀው በዚያች ላስቲክ በኩል በሚመጣ አየር ነው። ከፌስታሏ የወጣችው ላስቲክ ስስ ነበረች፤ ማኒፎልዱ አጠገብ ቀልጣ ተቀደደች። ወሬ ያልደረሰው በር አይከፈትም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ረገጥኳት፤ ሰዓቱ 0.5ን አለፈ፣ 0.6ን አለፈ። በድንገት እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ አለች። ያቆማት ሜጋስኩዊርቱ ነው፤ ግፊቱ 0.7 ሲደርስ ነዳጅ እንዲቆርጥ አዝዤው ነበር። በእውነቱ እኔ አልነበርኩም ያሰብኩት። አባዬ ነው ከመውጣታችን በፊት «ይሄ ነገር ቢያብድ ማን ያስቆመዋል?» ብሎ ያስሞላኝ። አሁን እዚያ ያለው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቱቦ ነው፤ ሁለቱም ጫፉ በማሰሪያ ታስሯል።

ውጤቱስ? ቱርቦውን ከመግጠሜ በፊት ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ፣ ጎማው ላይ 108 የፈረስ ጉልበት ነበረች። አሁን 178 ናት። ቁጥሩን ተዉት። 3,000 ዙር ሲሞላ ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። ያ የምታቃስትበት ዳገት በአራተኛ ማርሽ ይወጣል። እግሬን ሳነሳ ደግሞ የማምለጫው ቫልቭ «ፒሽ» ይላል። አባዬ ይህን ድምፅ አይወደውም። «የእኔ መኪናዎች እንዲህ አያስነጥሱም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የድሮ ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚዘጋበት ክዳን ስለሌለው የሚያመልጥ ግፊት የለውም። እኔ ግን ድምፁን እወደዋለሁ፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እግሬን አነሳለሁ።

ፍሪሲዮኑ ተሸንፏል። አምስተኛ ማርሽ ላይ ስረግጥ ዙሩ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ጠንከር ያለ አዝዣለሁ። ባለ 1.6 ሊትሯ ካለቻችሁ ደግሞ የኋላ ዲፈረንሻሏ ትንሽ ስለሆነ ቀድማ የምትሰበረው እሷ ናት፤ ከቱርቦው በፊት እሱን አስቡበት።

ይህን ኪት እንደገና እገዛለሁ? ቱርቦውን፣ ማኒፎልዱንና ኢንተርኩለሩን፣ አዎ። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። መመሪያው አንድም አይገባውም። ፌስታሏን ጣሏት፤ ከዚያች አንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካላት መጋጠሚያ በቀር። ስታዱን፣ ሞተሩ ላይ የሚገባውን የዘይት መጋጠሚያ፣ መመለሻ ቱቦውንና ላስቲኮቹን ሳጥኑ ሳይደርስ በፊት ለብቻ እዘዙ። እኛ እንዲህ አድርገን ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ይሆን ነበር።

ባለፈው ዘይት ስቀይር በአዲሶቹ ስታዶች ላይ የጥብቀት መጠን የሚለካውን ቶርክ ቁልፍ አሳረፍኩ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። አባዬ አላመነኝም፤ ቁልፉን ተቀብሎ አራቱንም ራሱ ሞከራቸው።